ልጄ ለውሻው ብሎ ቁልቢ ተሳለ፤ ምን ላድርግ?

የምክር ዓምድ

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ቤቱን የያዝነው እኔ፣ አማቴና የ9 ዓመት ልጄ ነን። ቡቺ የሚባል ውሻ፣ ሁለት ድመትና አምስት ዶሮ አሉን። ክረምት ላይ ቡቺ ታሞ አራት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሐኪሙ ‹ብዙ ተስፋ አታድርጉ› ብሎን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከዳነ በኋላ ልጄ አንድ ማታ ‹እማዬ፣ ቁልቢ መቼ ነው የምንሄደው?› አለኝ። ለካ ሐኪሙ ያንን በተናገረ ቀን ‹ቡቺ ከዳነ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ አስገባለሁ› ብሎ ተስሏል። አማቴ ሲሰሙ ‹ለውሻ ስለት! ታቦት ይደፈራል እንዴ?› ብለው ተቆጡ። እሳቸው ድሮ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይወጡ ነበር፤ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን ቀርተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ቀዝቅዟል። ልጁ ደግሞ ‹ቡቺንም ይዘን እንሂድ› ይላል። ትተነው ብንሄድ የሚጠብቀው የለም። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እንደ እህቴ ነው የማያት፤ ለድመቶቹ ፍርፋሪ የምትሰጠው እሷ ናት፤ ውሻ ግን አትነካም፤ እሷን ለማስቸገር አፈርኩ። እኔም ቤቱን ጥዬ ውዬ አላውቅም። የጥላውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ልጁ እስኪረሳው ዝም ብዬ ልጠብቅ? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፤

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እስኪረሳው አትጠብቂ። ጥላውን ቢረሳ እንኳን ቃሉን እናቱ እንዳድበሰበሰችበት አይረሳም። የ9 ዓመት ልጅ ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ ሰማ፤ ለማንም ሳይናገር ብቻውን መልአኩን ለመነ፤ የለመነውን አገኘ፤ አሁን ደግሞ «ዕዳዬን ልክፈል» እያለሽ ነው። እኔ እናቱ ብሆን በዚህ ልጅ ኮርቼ አድር ነበር።

አማትሽን ግን አትቀየሚያቸው። እሳቸው ባደጉበት አገር ውሻ ደጅ ያድራል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይባረራል። ስለት ደግሞ ልጅ ላጣች፣ ለታመመ፣ ለዘመተ፣ መንገድ ለወጣ ነው። ሁለቱ በአንድ አፍ ሲጠሩ ጆሯቸው አልቀበል ቢላቸው አይገርምም። ቁጣቸው የመጣው ለታቦቱ ካላቸው ክብር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ እዚያ ቁጣ ውስጥ ከጉልበታቸው ጋር አብሮ የቀረባቸው ቁልቢም አለበት። በየዓመቱ ይወጡበት የነበረውን ዳገት ትተው ቤት የተቀመጡ ሴት፣ የቁልቢ ስም በቤታቸው ሲነሣ የሰሙት ከውሻ ጋር ተያይዞ ነው። አስቢው እስቲ።

ስለዚህ ክርክር አትግጠሚ። ቤታችሁ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ተረጋግቶ በተቀመጠበት ሰዓት ልጁ ከመጽሐፈ ጦቢት ያንብብላቸው። ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ የቤቱ ውሻ ተከትሏቸው እንደሄደ ተጽፏል። መልአክ ባለበት ጉዞ ውስጥ ውሻ አለ፤ ማንም «ሂድ ከዚህ» አላለውም። አማትሽ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ደግሞ በ35ኛው መዝሙር «አቤቱ፥ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ በአፋቸው አልፏል። ባላገሩም ቢሆን በሬው ሲታመም፣ ላሙ ምጥ ሲጠናባት የሚጠራው የታቦት ስም አለው። በዚህ አገር ለእንስሳ መለመን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ከብቱ ውሻ መሆኑ፣ ለማኙም ልጅ መሆኑ ብቻ ነው።

ንባቡ ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን አሳልፊና «ቁልቢን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኛ መንገዱንም ወጉንም አናውቅም፤ ይዘውን ይሂዱ» በያቸው። ለማባበል ብለሽ እንዳይሆን፤ እውነቱም ይኸው ነው። ልጁ ሲሳሳት የሚያርሙት፣ የት እንደሚሳለም የሚያሳዩት፣ ስለቱን ለማን እንደሚሰጥ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

ስለ ጥላው ከመጨነቅሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፤ «ጥላ» ሲል የትኛውን ነው ያሰበው? አንቺ ያሰብሽው ንዋየ ቅድሳት መሸጫ ውስጥ የሚሰቀለውን፣ ዙሪያው በወርቅማ ዘርፍ ያጌጠውን የከፋይ ጥላ ሊሆን ይችላል። እሱ ያሰበው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ የምትዘረጊውን ጃንጥላ ቢሆንስ? ልጆች በሚያውቁት ዕቃ ነው የሚሳሉት። መልሱ የትኛውም ይሁን፣ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ይዘሽው ሂጂና ልጁ በራሱ አንደበት ይናገር። ወላጅ ሳያውቅ ልጅ የተሳለውን ስለት እንዴት መፈጸም እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «ጧፍና ዕጣን ይበቃል» ሊሉ ይችላሉ፤ «ቃሉ ይጠበቅ፣ ዓመት ጠብቃችሁ አስገቡ» ሊሉም ይችላሉ። አንቺ ግን በራስሽ ሥልጣን ስለቱን አታሳንሺበት። እንዲሁም ወጪውን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኚለት። በዓመት በዓል የተሰጠችው፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቀማት ብር ካለች፣ ትንሽም ብትሆን እሷ ትግባበት። ስለቱ የእሱ ነው።

ቡቺ ግን አይሄድም። ይህን ለልጁ ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። ውሻ ወደ ቅጽሩ አይገባም፤ በሩ ላይ ይመልሷችኋል፤ ሊሳለም የመጣውንም ሰው ሁሉ ታስከፋላችሁ። ከበሽታ የተነሣ ውሻ በሚኒባስ ጥምዝምዙን የደንገጎ ዳገት መውጣቱም ለራሱ ሥቃይ ነው፤ መንገድ ላይ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር መጋጠሙም አደጋ ነው። ልጁ «ታዲያ እግዚአብሔር አይወደውም ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ያን ጊዜ የሚከተለውን ንገሪው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከደንገጎ ወዲያ ደጋው ላይ ወዳሉ ዘመዶቻችን ትወስደኝ ነበር። እዚያ አንዲት የቆየች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ የዛገ ቆርቆሮ፣ ዙሪያዋን ጽድ የከበባት። እሑድ እሑድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይመጣሉ፤ ከኋላቸው ቡላ ውሻ ይከተላል። ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር ማንም ሳይነግረው ይቆማል። ከአንዱ ጽድ ሥር፣ በሥሮቹ መካከል፣ ብዙ ከመተኛቱ የተነሣ ለስልሳ የጎደጎደች ቦታ ነበረችው። ሽማግሌው ጎማ ጫማቸውን እዚያው ያወልቁና ባዶ እግራቸውን ይገባሉ። ውሻው አገጩን ጫማው ላይ አስተኝቶ ዓይኑን በሩ ላይ ይተክላል። ቅዳሴው ረጅም ነው፤ እኔ እንኳን እግሬን እያለዋወጥኩ የምቆመው እናቴን ፈርቼ ነበር። እሱ ግን አይነሣም። ዝንብ ስታስቸግረው ጆሮውን ብቻ ያርገበግባል። ሕዝቡ ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ መካከል የጌታውን ለይቶ ጅራቱ መሬቱን መምታት ይጀምራል። ሽማግሌው ደርሰው «ጫማዬን መልስልኝ እንግዲህ» ይሉታል። አንድም ቀን ቅጽሩን አልፎ ሲገባ አላየሁም፤ አንድም ቀን ሲቀር ግን አላየሁም።

ለልጅሽ ቡቺ የሚጠብቀው ሳቢያን ያለውን በር መሆኑን ንገሪው። የቡቺን ፎቶግራፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ መሄድ ከፈለገ ይያዝ፤ ማንም አይከለክለውም። ጸበል ይዞለት መመለስ እንደሚፈልግም እገምታለሁ። ገበሬው ለታመመ ከብቱ ጸበል ሲወስድ አይቻለሁ፤ ስለ ውሻ ግን የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ እንዳታደርጉት፤ አማትሽንም ሁለተኛ ጊዜ ማስቆጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። በእኛ በሐረርጌ በብዙ ሙስሊም ቤቶች የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለምትሰግድ ሴት ልብሷን ውሻ ሲልሰው ምን ያህል ሥራ እንደሚሆንባት አስቢ። አንቺም በጾም ቀን ሥጋ በተከተፈበት ቢላ የሽሮ ሽንኩርት አትከትፊም፤ ቢላውን ጠልተሽው ግን አይደለም። እንደዚያ ተረጂላት። ስለዚህ የማትችለውን አትጠይቂያት፤ የምትችለውን ከመጠየቅ ግን አትፈሪ። ድመቶቹንና ዶሮዎቹን ለእሷ አደራ ስጪ፤ ድመት በእነሱ ቤት ንጹሕ ነው፣ ደግሞም ፍርፋሪ የምትሰጣቸው እሷ ናት። ለቡቺ ከሰፈሩ እሱን የሚያውቅ አንድ ታዳጊ ልጅ፣ ወይም የግቢው ዘበኛ ካለ እሱ፣ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ብሎ ውሃውን ይመልከትለት። ጎረቤትሽ በግንቡ በኩል ጩኸቱን ብትሰማ ስልክ እንድትደውልልሽ ብቻ ንገሪያት። ይህን የሚያሳፍር ጥያቄ አድርገሽ ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እንደ እህቴ ናት ያልሻት ሴት ቁልቢ እንደምትሄዱ ከሌላ ሰው ብትሰማ ይከፋታል።

ስለ ውሃው ትንሽ ልዘርዝር፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። የፕላስቲክ ሳህን ውሻ ሲጫወት ይገለበጣል፤ ካልተገለበጠም ውሃው እስከ ስድስት ሰዓት ይሞቃል። ከባድ የሸክላ ዕቃ ፈልጊ፤ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ በአፍንጫ ተገፍቶም አይወድቅም። አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ከሁሉም በላይ ጥላውን አጥኚው፤ ጠዋት ጥላ የነበረ ጥግ ስምንት ሰዓት ላይ ምጣድ ይሆናል። ቤት በምትውይበት አንድ ቀን ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ጥላው የት የት እንደሚሄድ ተመልከቺና ዕቃዎቹን በዚያ ልክ አስቀምጪ። በሰንሰለት አስረሽው አትሂጂ፤ የታሰረ ውሻ ጥላውን ተከትሎ መሄድ አይችልም። በር ተዘግቶ ግቢው ውስጥ ልቅ ይዋል፤ ዶሮዎቹ ቆጣቸው ውስጥ ይቆዩ። ምግቡን ማለዳ ከመውጣታችሁ በፊት ይብላ፤ ወጥ ወይም ሥጋ በሳህን ትተሽለት አትሂጂ፣ በሙቀቱ ይበላሻል፤ ሆዱ ደግሞ ገና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙንም ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ጠይቂው። በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ድመቶቹም ይከተቡ። ልጅ ባለበት ቤት ይህ የሚታለፍ አይደለም።

ቀኑን እንምረጥ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አይሁን። በእነዚያ ቀናት ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከድሬዳዋ ሌሊቱን በእግሩ የሚወጣው ብቻ መንገዱን ይሞላዋል። የታመመ ጉልበትና የ9 ዓመት ልጅ ይዘሽ፣ ቤት ውስጥ እንስሳ ትተሽ፣ በዚያ ሕዝብ መካከል መግባት የለብሽም፤ መመለሻ መኪና እንኳን በሰዓቱ አታገኚም። የሌላ ወር 19 ቅዳሜ ወይም እሑድ የሚውል ከሆነ እሱ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ማንኛውም እሑድ ይሁን። አማትሽ «ያለ በዓሉ ምን ቁልቢ አለ» ሊሉ ይችላሉ። ሰው በሌለበት ቀን ሄደው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። እኔ ቁልቢን ይበልጥ የወደድኩት በአንድ ተራ ማክሰኞ ነው፤ ግቢው ጸጥ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ አንዲት ሴት ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻዋን ተንበርክካ ከመልአኩ ጋር እንደ ቤተሰብ ስታወራ። የምትለው ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ ሌላ የሚናገር ሰው አልነበረምና።

እንጀራውን ከዋዜማው ጋግሪ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ርቀቱ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ዳገት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ የድሬዳዋ ሰዎች በቀጭን ሸሚዝ ወጥተን እዚያ የምንንቀጠቀጠው ይህን ስለምንረሳ ነው። ለአማትሽ ጋቢ፣ ለልጁ ሹራብ ያዢ። በጥምዝምዙ ላይ ለሚያጥወለውለው የሚሸተት ሎሚ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። አማትሽን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጪያቸው፤ እግራቸውን መዘርጋት አለባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከፍታው ላይ ስለሆነ መኪናው እስከ ደጁ እንዲያደርሳችሁ ከመነሻው ተነጋገሪ።

መንገድ ላይ ልጁ የሚሰማው ታሪክም አለ፤ አማትሽ ከኔ የተሻለ ያወሩታል። እንደሚነገረው፣ ራስ መኮንን በ1888 ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ቁልቢ ላይ «በድል ከተመለስኩ ለቅዱስ ገብርኤል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራለሁ» ብለው ተሳሉ፤ ተመልሰውም አሠሩ። በ1898 ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው፤ መቃብራቸው ሐረር፣ ቅዱስ ሚካኤል ነው። እንግዲህ ልጅሽ የሚሄድበት ቤት ራሱ በስለት የተሠራ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት የወጡበትንም ታሪክ ይጠይቃቸው፤ ታኅሣሥ 19 የሚከበረው ለእሱ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የሕፃኑ የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው። መልአኩ የሚታሰብባቸው ሁለቱም ቀናት ወጣቶችና ሕፃን ያሉባቸው ናቸው፤ ይህን ለልጁ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

ቁልቢ ስትደርሱ ስለቱን ልጁ በገዛ እጁ ለተቀባዮቹ ያስረክብ። አንቺ ከኋላ ቁሚ። ምን እንደተደረገለት ቢጠይቁት እውነቱን ይናገር፤ «ውሻዬ ድኖልኝ ነው» ይበል። አንገቱን የሚያስደፋው ነገር የለም። ለአማትሽ የራሳቸውን ጧፍ ግዢላቸውና ብቻቸውን ተዪአቸው፤ ስንት ዓመት ያልተነጋገሩት ነገር ይኖራል። ቤት ውስጥ የቀረውን ሥራ እዚያ ቆመሽ አትቁጠሪ። ያ ቀን ላንቺም ነው፤ ባልሽ መንገድ ላይ ነው፣ ለእሱም የምትለምኚው አይጠፋሽም።

ከምሳ በኋላ ቶሎ ተነሡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችሁ ግቡ። ስትመለሱ ከመንገድ ዳር የደጋ ድንችና ጎመን ግዙ፤ የጎረቤትሽን ድርሻ ከመኪና ሳትወርዱ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ልጁም ራሱ ይዞላት ይሂድ። ቡቺ መዳፉን ልብሱ ላይ ሳይጭንበት በፊት ይሁን።